የትውስት ወንበሮች

ሰኞ

ነርሷ ናት ጻፍ ያለችኝ። «አባባ፣ የሚበሉትን፣ መድኃኒቱን የወሰዱበትን፣ እግርዎን እንዴት እንዳዩት በየቀኑ ይጻፉ» አለች። የስኳር በሽተኛ እንደ ተማሪ ካልተቆጣጠሩት ያመልጣል መሰለኝ።

ፊደል የለየሁት ጎልምሼ ነው፤ ሚስቴ ነፍሷን ይማርና እየገፋች የማታ ትምህርት ቤት ሰድዳኝ። እጄ ወስፌ እንጂ እርሳስ አልለመደም። ደብተሩን ልጄ ሰጠችኝ፤ ግማሹ በልጅ ልጄ ሒሳብ ተሞልቷል። ከበስተኋላ ጀመርኩ።

የበላሁት፦ ጠዋት ዳቦ፣ ማታ ምስር። መድኃኒት፦ ወስጃለሁ። እግር፦ የቀኝ እግሬ ትንሿ ጣት ጎኗ ተልጧል። ጫማው ነው። ጎኑ ላይ ጠበብ ብሏል። ነገ ፎርማ ላይ ወጥሬ አሰፋዋለሁ። ፎርማ የምንለው ጫማ የሚሰፋበትን፣ በእግር ቅርጽ የተጠረበውን እንጨት ነው። ነርሷ ካነበበችው እንድታውቀው ብዬ ነው።

ማክሰኞ

ዳቦ። ሾርባ። መድኃኒት ወስጃለሁ፤ ግማሽ። ክኒኑን በቆዳ መቁረጫዬ ስከፍለው እኩል ለእኩል ይወጣል። ግማሹም ያው መድኃኒት ነው፤ ብልቃጡም ይበረክታል።

ነርሷ ይህችን ገጽ አታነብም።

ረቡዕ

ጎረቤቴ ራዲዮ መጣ። ጡረታ የወጣ ሾፌር ነው። ራዲዮ ያልነው ካልተኛ ስለማይዘጋ ነው። ሻይ እንኳ ሳይቀዳለት ከደረት ኪሱ ካርድ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አጋደመው።

«የአረጋውያን የሕክምና ድጋፍ ይባላል» አለ። «አቅም ለሌለው ሽማግሌ ጽሕፈት ቤቱ ነው የሚከፍለው። የልቤን መድኃኒት፣ ምርመራውን፣ አልጋ ብይዝ አልጋውን። አንተም ተመዝገብ።»

«እሰይ። ሳህን ይዘህ በር ላይ መቀመጥ ብቻ ነው የቀረህ።»

«ዕድሜ ልኬን እየነዳሁ ግብር ስከፍል ሳህን ይዤ ነበር? ያንኑ ነው የሚመልሱልኝ።»

«እኔ የሰው እጅ አይቼ አላውቅም።»

«አዎ፤ የሰው እግር ስታይ ኖረህ አሁን የራስህን ማየት አቃተህ። ለምንድነው የምታነክሰው?»

«ጫማው ነው።»

«ጫማውን ማን ሰፋው?»

ከራዲዮ ጋር የሚከራከር ሰው ሥራ የፈታ ነው፤ እኔ ሥራ አለኝ። አንድ ተረከዝ አለኝ፤ ነገ የሚወስዱት።

ዓርብ

ሲመሽ ጫማዬን ሳወልቅ ከውስጡ የሶል ሚስማር ወደቀች። ጫፏ ደም ነክቷታል። ጠዋት ሶሉን ሳጠብቅ ረስቻት ነው። ቀኑን ሙሉ ቆሜባት ውዬ ምንም አልተሰማኝም። ራዲዮ ቢሆን መንደሩን ይቀሰቅስ ነበር። ገና ጠንካራ ነኝ።

ጎኑን አሁንም አሰፋሁት። ነገር ግን ጣቷ አልደረቀችም።

እሑድ ማታ

ልጄ መጣች። ገና ስትገባ አፍንጫዋን አሸት አደረገችና መስኮቱን ከፈተች። «ማስቲሽ ነው» አልኳት። «ማስቲሽ አውቃለሁ አባዬ፤ በማስቲሽ ሽታ ነው ያደግኩት» አለች። ከዚያ ብልቃጡን አንስታ ነቀነቀችው።

«ይሄ ባለፈው ወር የገዛሁልህ ነው?»

«አዲስ ነው።»

«ማን ገዛው?»

«እኔ ነኛ። እጅ የለኝም?»

ባዶ እግሬን አየች፤ ከዚያ ፊቴን አየችኝ። እናቷ ነበረች እንዲህ የምታየኝ፤ አንዲት ቃል ሳትናገር ሰውን የምታስለፈልፍበት አስተያየት። እኔ ግን አልለፈለፍኩም።

ስትወጣ ራዲዮ አጥሩ ሥር ጠበቃት። የሰው ወሬ የማዳምጥ ሰው አይደለሁም፤ ግን መስኮቱን የከፈተችው እሷው ናት።

«ጣቱ ጠቁሯል» አለችው። «እሱ ስለ ጫማ ያወራኛል። ሆስፒታል ላስገባው ካልኩ ደግሞ ብሩ የለም። ማቀዝቀዣውን እሸጠዋለሁ።»

«እሱን ከሸጥሽ ለስላሳውን በምን አቀዝቅዘሽ ትሸጫለሽ?»

«ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ። አባት ግን ሌላ አይገኝም።»

ያቺ ማቀዝቀዣ የልጄ ሱቅ ናት። ባሏ ጥሏት ሲሄድ ልጇን ያሳደገችባት፣ የሰው ፊት ያላየችባት ናት። ለኔ ጣት ብላ ልትሸጥ። ጣት እኮ ናት፤ ከትንሾቹም ትንሿ።

እንቅልፍ አልመጣልኝም። ሳስበው ነገሩ ሁለት ነው። ወይ እኔ ከቢሮ ደጅ እቆማለሁ፣ ወይ ልጄ ከሰው ደጅ ትቆማለች። ይሄ ደግሞ ምን ሒሳብ አለው። ነገ ገላዬን እታጠባለሁ፤ ማክሰኞ እሄዳለሁ። ለራዲዮ አልነግረውም።

ማክሰኞ

ሄድኩ። ወረፋው ሽማግሌ ብቻ ነው፤ ሁሉም ስለ ሕመሙ ያወራል። እኔ ጫማቸውን ሳይ ዋልኩ። ደህና የተሰፋ አንድም የለም።

መስኮቷ ጋ ያለችው ልጅ ጨዋ ናት። «ገቢዎ ምንድነው አባት?» አለችኝ። «እጄ ነው» አልኳት። «በወር ምን ያህል ያገኛሉ?» «ጫማው እንደተቀደደ ነው።» ሳቀች። አሁን ግን ሰው ጫማ አያስጠግንም፤ ፕላስቲኩን ገዝቶ ሲቀደድ ይጥለዋል። ይህን አልነገርኳትም። የራስን ሙያ ከሰው ፊት ማርከስ ምን ይጠቅማል።

«ሰው ልከን ቤትዎን እናያለን» አለች። «ሰኞ ይጠብቁ።»

ሐሙስ

እንግዳ ይመጣል። ኖራ ገዝቼ ግድግዳውን ቀባሁት። ዝናብ የሚያፈሰውን ጥግ በቁም ሳጥኑ ጋረድኩት፤ ባልዲውን ከአልጋ ሥር ከተትኩት።

ራዲዮ ጋ ሄጄ «ወንበሮችህን አውሰኝ» አልኩት። ልጁ የላከለት ባለ ስፖንጅ ወንበሮች አሉት።

«ማን ሊመጣ ነው?»

ስነግረው ሻዩ ትን አለው። «አንተ ሰውዬ፣ የሚመጣው እኮ ድህነትህን ሊያይ ነው። የኔን ወንበር አይቶ ምን ብሎ ይጻፍ?»

«እንግዳ መሬት ላይ አይቀመጥም።»

«በርጩማህ የት ሄደች?»

«በርጩማዋ ላይ እኔ ነኝ የምቀመጠው።»

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለ። አለና ወንበሮቹን ራሱ ተሸክሞ አመጣቸው። እስከ በሬ ድረስ ሲሰድበኝ ነበር፤ ሲያስቀምጣቸው ግን በእጅጌው አቧራቸውን ጠረገልኝ።

ሰኞ ማታ

መጣ። መርማሪ ይሉታል። ወጣት ነው፤ የልጄ እኩያ ቢሆን ነው። ዝናብ አግኝቶት ሶሉ አፉን ከፍቷል፤ በተራመደ ቁጥር ይስቃል።

እኔ ሙሉ ልብሴን ለብሼ፣ ጥቁሩን ጫማ አድርጌ ነበር። ይህ ጫማ ከሚስቴ ጋር የሰፋነው የመጨረሻው ነው። የላዩን እሷ በስፌት መኪና፣ የታቹን እኔ በእጄ። ማማሩን የምናገረው እኔ አይደለሁም፤ ሰው ይናገር። እግሬ ሊገባ እምቢ ብሎኝ ነበር፤ በጫማ ማንኪያ አስገደድኩት።

ወንበር ሰጠሁት፤ ሻይ ሰጠሁት።

«ኑሮ እንዴት ነው አባት?» አለኝ።

«ተመስገን ነው። ምን ጎደለኝ።»

እንዲህ ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል? ገና ከበር ለገባ ሰው ጣራዬ ያፈሳል ይባላል?

«እግርዎ እንዴት ነው? ስኳር አለብኝ ብለዋል።»

«ደህና ነው። ጫማው ትንሽ ነክቶኝ ነው።»

«መድኃኒትዎን በሰዓቱ ይወስዳሉ?»

«እወስዳለሁ።»

ወንበሩን አየ፣ ግድግዳውን አየ፣ ጫማዬን ደግሞ ረዘም አድርጎ አየ። «የት ነው እንዲህ ያለ የሚሸጠው?» አለ። «አይሸጥም» አልኩት። ደስ አለኝ። ሶሉ እንደዚያ እየሳቀ ሊሄድ ሲነሳ «አውልቀው» አልኩት። እንቢ አለ፤ እኔም እንቢ አልኩ። ማስቲሽ ቀብቼ፣ ዙሪያውን በክር አጥብቄ ሰጠሁት። ብር አወጣ። «ከእንግዳዬ ብር አልቀበልም፤ አያስፈልገኝም» አልኩት።

በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ተሰናበተኝ። በጣም ጥሩ ልጅ ነው። ነገሩ ሁሉ ያማረ ሆነ።

ሲሄድ ጫማውን ለማውለቅ አልጋ ላይ ተጋድሜ መጎተት ነበረብኝ። ካልሲው ከጣቴ ጋር ተጣብቋል። በውኃ ዘፍዝፌ አስለቀቅሁት።

ረቡዕ

ብርድ ብርድ ይለኛል። ዝናቡ ነው።

መርማሪው በመጣ በሁለተኛው ሳምንት፣ ዓርብ

ወረቀቱ መጣ። አጭር ነው፤ ለማንበብ አልተቸገርኩም። «አመልካቹ በቂ አቅም ያላቸው ሆነው ተገኝተዋል።»

ራዲዮ አነበበና ሳቀ። ደግሞ አነበበውና ሳቁን ተወው። «ወንበሮቼን ካጋዝኩልህ ቀን ጀምሮ የፈራሁት ይሄንን ነው» አለ።

«ልጁ አይቶ ነው የጻፈው። ውሸት አልጻፈም።»

«ያሳየኸው ነዋ ውሸቱ።»

ከቤቴ ውጣ አልኩት። ወጣ። ወንበሮቹን ግን አልወሰደም።

እሑድ

ልጄ ለማቀዝቀዣው ገዢ አግኝታለች። ሐሙስ ሊወስድ ይመጣል። ደስ ያላት ለመምሰል ሞከረች። «ያረጀ ነው አባዬ፤ መብራት ይበላል» አለች። ስትወጣ በር ላይ ቆማ አፍንጫዋን ጠረገች። ጉንፋን ነው አለች።

ሰኞ

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሄድኩ ስል ራዲዮ ክንዴን ይዞኝ ነው፤ ያባረርኩት ሰው።

ነርሷ ፋሻውን ስትፈታ ፊቷ ተለወጠ። በመርፌ ጫፍ ጣቶቼን ነካ ነካ እያደረገች «ይሰማዎታል?» አለችኝ። «ይሰማኛል» አልኳት። «አባባ፣ ገና አልነካሁዎትም» አለች።

ከዚያ ተቀመጠች። «ይህ የጫማ ነገር አይደለም። እግርዎ መስማት ያቆመው ከስኳሩ ነው። ሚስማር ቢገባበት አያውቅም።»

ስለ ሚስማሯ ማን ነገራት? ማንም።

«በዚህ ሳምንት ሆስፒታል ከገቡ የሚቆረጠው ጣት ነው። ከዘገየ ከቁርጭምጭሚት በላይ ነው። መድኃኒቱን በሙሉ ነበር የሚወስዱት?»

ራዲዮ ጣራውን አየ።

«ግማሽ» አልኳት።

አልተቆጣችም። መቆጣቷ ይሻለኝ ነበር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ» አለች። «ረቡዕ ቅሬታ የሚሰሙበት ቀን ነው። እኔ የሐኪም ማስረጃ እሰጥዎታለሁ። የቀረውን ግን ራስዎ በአፍዎ ይናገሩ። አልችልም ይበሉ።»

ቀላል ቃል ነው። መንገዱን ሁሉ አፌ ውስጥ ሳመላልሰው መጣሁ።

ማክሰኞ ማታ

የዘወትሩ ቡናማ ጫማዬ አልገባም አለ። ጥቁሩም አልገባም። ነጠላ ጫማ አድርጎ ቢሮ መሄድ ለኔ ራቁት መሄድ ነው።

ራዲዮ አሮጌ ካፖርት ይዞ መጣ፤ ክርኑ የተቀደደ። «ይህን ልበስ፤ ጢምህንም አትላጭ። ሲያዩህ ይዘኑ» አለኝ።

«ውሰደው።»

«አሁንም?»

«ባለፈው ባልሆነ ነገር ሀብታም ሆንኩ። አሁን ደግሞ ባልሆነ ነገር ለማኝ ልሁን? የሆንኩትን ሆኜ ነው የምሄደው።»

«ይሄስ ደህና ንግግር ነው» አለና ካፖርቱን ራሱ ለበሰው።

ሲሄድ ጥቁሩን ጫማ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። መቁረጫዬን ሳልኩ። የቀኙን ጎን ከትንሿ ጣት አንስቼ እስከ ክሩ መጨረሻ ቀደድኩት። የሚስቴን ስፌት ነው የቀደድኩት። ክሩ አንድም ቦታ አልላላም ነበር፤ እያንዳንዱን መቁረጥ ነበረብኝ። ስፌት ትችል ነበር።

ከዚያ ግራውንም ቀኙንም ቀለም ቀባሁ። የተቀደደ ጫማም ቢሆን ይቀባል።

ረቡዕ

ሰብሳቢዋ ትልቅ ሴት ናቸው፤ መነጽራቸው አፍንጫቸው ላይ። ከጎናቸው አንድ ሐኪም፤ ከዳር መርማሪው ልጅ። ከኋላዬ አግዳሚው ላይ ተራ የሚጠብቅ ሰው ሞልቷል፤ ራዲዮም አለ።

«ቅሬታዎ ምንድነው?» አሉኝ።

«ቅሬታ የለኝም። ልጁ ያየውን ነው የጻፈው። ያሳየሁት ነው ያልሆነው።»

መርማሪው ቀና አለ።

«ወንበሮቹ የጎረቤቴ ናቸው። ኖራውን በዳቦዬ ብር ነው የገዛሁት። ጣራው ያፈሳል፤ ቁም ሳጥኑን ነጠል አድርጎ ቢያየው ባልዲ የሚሞላ ውኃ ነው። ጫማው የኔ ነው፤ እኔና ሚስቴ ሰፋነው። ሥራ ግን ካለ አለ፣ ከሌለ የለም፤ አሁን የለም። መድኃኒቱን ግማሽ ነው የምወስደው።»

«ታዲያ ያኔ ሲጠየቁ ለምን አልተናገሩም?»

«እንግዳ ነበር።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ሰብሳቢዋ አልሳቁም።

ሐኪሙ «እግሩን ማየት ይቻላል?» አለ። የነርሷ ወረቀት እጁ ላይ አለ እኮ። እኔ ሰው ፊት ጫማዬን አውልቄ አላውቅም። የሰውን ሳስወልቅ ነው የኖርኩት። ጎንበስ አልኩ፤ ማሰሪያው አልፈታ አለኝ። መርማሪው ልጅ ከወንበሩ ተነስቶ መጣና ተንበረከከ። «ይፍቀዱልኝ አባት» አለ። እሱ ነው የፈታልኝ። የራሱን ጫማ አየሁት፤ ያጠበቅሁለት ሶል እንደያዘ ነው።

ፋሻው ወረደ። ሽታውንም አውቃለሁ። ማስቲሽ አይደለም።

ያን ጊዜ ቃሏን አወጣኋት። «መክፈል አልችልም» አልኩ። ዝቅ ብዬ አልተናገርኩም፤ እስከ በሩ ይሰማል። «የምትሸጥ አንዲት ማቀዝቀዣ አለች። የልጄ ናት። እሷ ደግሞ አትሸጥም።»

ሰብሳቢዋ መነጽራቸውን አወለቁ። ከሐኪሙ ጋር አንገት ለአንገት ተነጋገሩ። «ካርዱ ዛሬውኑ ይውጣላቸው፤ አልጋም ይያዝላቸው» አሉ። ደግሞ ወደ ልጁ ዞረው «ከእንግዲህ ወንበሩ የማን ነው ብለህ ጠይቅ» አሉት።

ስንወጣ ራዲዮ ክንዴን ያዘኝ። መንገዱ ጋ ስንደርስ «ለልጅህ እኔ ልደውል?» አለ። «እኔ ነኝ የምደውለው» አልኩት። ስልኩን እሱ ያዘልኝ።

«ሰውየውን አትምጣ በይው» አልኳት።

«የትኛውን ሰውዬ?»

«የማቀዝቀዣውን። ካርድ አውጥቻለሁ።»

አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማሁ። ጉንፋኗ አልለቀቃትም መሰለኝ።

ሆስፒታል፣ ቀኑን አላውቀውም

ሁለት ጣት ወሰዱ። ትንሿንና ጎረቤቷን። እግሩ ቀረልኝ። ሐኪሙ በጊዜ ደረሱ አለ። ልጄ ሾርባ አመጣች። መድኃኒት፦ ሙሉ።

ሙሉው ክኒን ሲውጡት ትልቅ ነው።

ሐሙስ

ቤቴ ነኝ። ራዲዮ ጣራው ላይ ወጥቶ ቆርቆሮ ይመታል፤ እታች ሆኜ አስተምረዋለሁ፤ አይሰማም። ልጄ ቀዝቃዛ ለስላሳ አምጥታ «ይህን አትጠጣም፤ ለጋሽ ራዲዮ ነው» አለችኝ። ስኳሩ ነው። ጠርሙሱን ብቻ ያዝ አድርጌ መለስኩላት። ቀዝቅዟል።

የቀኙን ፎርማ አወጣሁ። ከትንሿ ጣት በኩል ጠረብኩት፤ ካሁኑ እግሬ ጋር እያስተያየሁ። እንጨቱ የቆየ ነው፣ ግን ሲጠረብ ገና ይሸታል። ለጥቁሩ ጫማ አዲስ ጎን ቆርጫለሁ። መኪናውን እኔ አልችልበትም፤ በእጄ እሰፋዋለሁ። ከሚስቴ ስፌት ጋር አይመሳሰልም። ይታይ።

ከቢሮው መልእክት መጥቷል። መርማሪው በሚመጣው ወር ደግሞ ቤቴን ያያል፤ ካርድ የያዘ ሁሉ ይታያል። ራዲዮ ከጣራው ላይ ሆኖ ሰማ።

«ወንበሮቹን ልተውልህ ወይስ ልውሰዳቸው?» አለኝ።

«ሦስቱን ውሰድ። አንዱን ተውልኝ።»

«አሁንም አልተማርክም?»

«ልጁ ከዝናብ ነው የሚመጣው፤ መሬት ላይ አይቀመጥም። የማን ወንበር እንደሆነ ግን ከመቀመጡ በፊት እነግረዋለሁ።»